የአባቴን የጡብ ምድጃ ነጭ ልቀባው ነበር

ሦስት ጋሎን ነጭ ቀለም ገዝቼ ነበር። ሁለቱን ሳልከፍት መልሻለሁ፤ ሦስተኛው ክዳኑ ተነስቶ ስለነበር ዛሬም ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። የምጽፈው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኖራውና ምድጃችንን ስላጠበልን ግንበኛ ሥራ ነው። ቤቱን የሚያድስ ብዙ ሰው ያረጀ ጡብ ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ነጭ መቀባት ነው። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እኔ ያየሁትን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ቤታችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት ቁልቁለታማ ሰፈሮች በአንዱ ነው። የሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ዳገቱን ቆርጦ የገባ ስለሆነ በውጭ በኩል አፈሩ እስከ ወገብ ድረስ ተደግፎታል። አባቴ ቤቱ ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው ይል ነበር። ምድጃው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ከወለል እስከ ኮርኒስ በሸክላ ጡብ ተገንብቷል፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከእሳቱ አፍ በላይ ወፍራም የጽድ ሳንቃ ተጋድሟል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኛ ቤት ምድጃው ለጌጥ አይደለም። እናቴ ቡናዋን የምታፈላው ከጎኑ ነው፤ እርጥብ ጋቢ የሚደርቀውም እዚያው ነው።

ታዲያ ለምን ልቀባው ፈለግሁ? ጠቁሮ ነበር። ከእሳቱ አፍ በላይ ያለው ጡብ የብዙ ዓመት ጥላሸት ጠጥቶ ከሰል መስሏል። ማታ መብራት ብናበራም የሳሎኑ ያ ጎን ብርሃኑን ይውጠዋል። በጡቦቹ መካከል ያለው ፉጋ በጣት ሲነካ ይረግፋል። በየክረምቱ ደግሞ ከታች ባሉት ረድፎች ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ እናቴ «ምድጃው ጨው ተፋ» ትላለች። በመስከረም ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄዱ ዘመዶቻችን ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ ያድራሉ። አምና ግንቦት ላይ፣ እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት ሳሎኑን ነጭና ብሩህ ላደርገው ወሰንኩ።

ሐሳቡን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። የምትኖረው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ከተማዋ ከደሴ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ እሳት የሚሞቅ ሰው የለም። እህቴ ሳሎኗን ከምግብ ቤቷ የሚለየውን የጡብ ግድግዳ ነጭ ካስቀባች ሦስት ዓመት አልፏታል። ግድግዳው ዛሬም ንጹሕ ነው፤ አልላጠም፣ አልጨቀየም። ይህን አስቀድሜ መናገር የፈለግሁት ጡብ መቀባት ሁልጊዜ ስሕተት ነው የሚል ሰው እንዳልመስል ነው። የእርሷ ግድግዳ በሁለቱም በኩል አየር ያገኛል፣ አፈር አይነካውም፣ እሳት አያውቀውም። እኔ ግን ያንን ልዩነት አላስተዋልኩም፤ ያየሁት ነጭነቱን ብቻ ነበር።

ቀለሙን የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ የቀለም መደብር ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ሻጩ ክፉ ሰው አይደለም። ለጡብ የሚሆን ነጭ ፈልጌ ነው ስለው ሁለት ጋሎን ፕላስቲክ ቀለምና አንድ ጋሎን የዘይት ቀለም አወረደልኝ። ፕላስቲኩ ለሰፊው ክፍል፣ የዘይቱ ደግሞ «ለጭስ ቅርብ ለሆነው፣ በጨርቅ ስለሚጠረግ» ነው አለኝ። ጋሎኑ 1,900 ብር፣ በድምሩ 5,700 ብር ከፈልኩ። ያገናኘኝ ቀለም ቀቢ ደግሞ ቤቱን ሳያይ፣ በስልክ ብቻ 4,500 ብር የእጅ ዋጋ ጠራ። ቅሬታዬ በዋጋው አይደለም። ሁለቱም አንድ ጥያቄ አለመጠየቃቸው ነው፦ ግድግዳው ደረቅ ነው ወይ? እሳት ይነድበታል ወይ? ቀለም ሻጭ ይህን ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ? ሁለቱን ያልተከፈቱ ጋሎኖች ስመልስ ግን ሳያጉረመርም ገንዘቤን ሰጥቶኛል፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው።

ሥራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ አመጡልኝ። የመጡት የረገፈውን ፉጋ በስቱኮ ደፍነው ለቀለም ቀቢው እንዲያመቻቹ ነበር። ምድጃው ፊት ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ሲኒ ውሃ ለመኑኝና ጣታቸውን እየነከሩ ጡቡ ላይ ያንጠባጥቡ ጀመር። ጥላሸት ያልያዘው ጡብ ላይ ጠብታው እንዳረፈ ጠፋ፤ ደረቅ መሬት ላይ እንደወደቀ የዝናብ ነጠብጣብ። በጥላሸት የጠቆረው ላይ ግን ተንከባሎ ወረደ።

«አየሽ እህቴ» አሉኝ፤ «ይኼኛው ይጠጣል። ያኛው ቅባት ለብሷል፤ ቀለም አይዝልሽም።»

«ከታጠበስ ጋሼ?»

«ቢታጠብም ገና ጥያቄ አለኝ» ብለው ከኪሳቸው የተጣጠፈ ላስቲክ አወጡ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚያህለውን ቆርጠው ከታች ካሉት ረድፎች ላይ በማጣበቂያ አራቱንም ጎን ዘጉት። ሌላ ተመሳሳይ ቁራጭ ከላይ፣ ኮርኒሱ አጠገብ ለጠፉ። ሁለት ቀን እንዳንነካው አዘዙን፤ እሳትም እንዳናነድ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ባትሪ አብርቼ አየሁት። የላይኛው ላስቲክ ደረቅ ነው። የታችኛው በውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን አልቦታል፤ ጠብታዎቹ ተያይዘው በላስቲኩ ግርጌ ቀጭን ውሃ አቁረዋል። ያን ጊዜ ዝናብ ገና በደንብ አልያዘም። ግንቦት ነው! ያ ውሃ ከክፍሉ አየር የመጣ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩን ከውጭ ያርሰው ነበር። የመጣው ከጡቡ ውስጥ ነው፤ ወደ ጡቡ የገባው ደግሞ ከኋላ፣ ከተደገፈው አፈር ነው።

ግንበኛው ሲመለሱ የነገሩኝን በእኔ ቃል ላስቀምጠው። ሸክላ ጡብ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይስባል። ውሃው ከአፈሩና ከፉጋው ጨው አሟሟቶ ይዞ ወደ ሳሎኑ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። እናቴ «ጨው ተፋ» የምትለው ቃል በቃል እውነት ነው ማለት ነው። ፊቱን በቀለም ከዘጋነው ግን ውሃው መውጫ ያጣል። ጨው ከቀለሙ ሥር ይጠራቀምና ይገፋዋል፤ ቀለሙ ሲላጥ የጡቡን ቆዳ ይዞ ይነሣል። ጡብ ሲተኮስ ፊቱ ከሆዱ ይልቅ ይጠነክራል። ያ ጠንካራ ፊት አንዴ ከተላጠ የሚቀረው ለስላሳው ሆድ ነው፤ እርሱ ደግሞ በየዓመቱ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ጸጸት ቢይዘኝና ቀለሙን ላስለቅቅ ብል በግራይንደር ወይም በአሸዋ ግፊት ማስፋቅም ያንኑ ቆዳ ይዞ መሄድ ነው። የተቀባ ጡብ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ቀለሙን ስገዛ ማንም ያልነገረኝ ይህንን ነው።

እኔ ግን ግትር ነኝ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ግንበኛውም አልተከራከሩኝም። «እንሞክረዋ» አሉ። የማገዶው ሣጥን የሚሸፍነውን የግራ ጥግ ከታች በሦስት ከፈሉት፤ እያንዳንዱ አምስት ስድስት ጡብ ይሆናል። ሦስቱም በእኩል ታጠቡ። አንደኛው ላይ ፕላስቲክ ቀለሙን ሁለት እጅ ቀባን። ሁለተኛው ላይ ኖራ አረፈ። ሦስተኛው ታጥቦ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅን። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። እንደ ወትሮው እሳት አነደድን፣ እንደ ወትሮው ቡና ተፈላ።

ቀለሙ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ እጅግ ያምር ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ከሦስቱ ሁሉ እርሱ ያምር ነበር፤ እህቴም በስልክ ፎቶውን አይታ «አላልኩሽም?» ብላኛለች። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ፊቱ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ትናንሽ እብጠቶች አወጣ። በነሐሴ አንዱን በጥፍሬ ነካሁት፤ ፈነዳ፤ ከሥሩ ደቃቅ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። ቅርፊቱን ገልብጬ ሳየው በጀርባው ላይ ቀይ የጡብ ልጣጭ ተለጥፎ መጥቷል፤ እንደ ሽንኩርት ቅጠል የሳሳ ነው። ጡቡ ላይ በቀረው ቦታ ጣቴን ሳሳርፍ ሻካራና ልል ሆኖ አገኘሁት። በዚያች ቅጽበት ውሳኔው አለቀ።

ኖራው በተለየ መንገድ ነው የሠራው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ እንደ አሬራ እስኪቀጥን ድረስ ተማስሎ፣ ጡቡ በውሃ ከተረጨ በኋላ በስሱ በሦስት ዙር ይቀባል። ሲቀባ ግራጫ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይነጣል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት በመለወጥ ነው። ውሃም ትነትም ያሳልፋል፤ ስለዚህ አላበጠም፣ አልተላጠም። ክረምቱን ተቋቁሟል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ልብስ ሲነካው ያነጣል፤ ጥላሸት ደግሞ በጥቂት ሳምንታት አደየፈውና መልኩ የአመድ ሆነ። እሳት ለማይነድበት እርጥብ ግድግዳ ያለ ማመንታት ኖራ እመክራለሁ። ለሚጨስ ምድጃ ግን በየዓመቱ መቀባት ይጠይቃል፤ የእናቴ ነጠላ በየቀኑ የሚነካው ቦታ ላይ ደግሞ አይሆንም። ኖራ የሚነኩ ሰዎች ጓንት ያድርጉ፣ ዓይናቸውንም ይጠብቁ፤ እርጥቡ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ታጥቦ የተተወው ጥግ ጨዉን ተፋ፤ በደረቅ ብሩሽ ሲጠረግ ለቀቀ፤ ጡቡ ቀይ ሆኖ ቀረ። በዚህ ጥግ የገረመኝ ቀይነቱ ነው። እኔ የማውቀው ምድጃ ቀይ አልነበረም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማና ጥቁር ነበር። ያጠቆረው ዕድሜ ሳይሆን ቆሻሻ ነበር ማለት ነው።

ስለ ዘይት ቀለሙ አጭር ነው። እሳት ለሚነድበት ውስጠኛው ክፍል ፈጽሞ አይሆንም፤ ተራ ቀለም፣ ፕላስቲክም ሆነ ዘይት፣ እዚያ ውስጥ ይንጨረጨራል፣ ያበጣል፣ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ሙቀት እንዲችል ተብሎ የተሠራ፣ ጣሳው ላይ እስከ 600 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት ቀለም አለ፤ እርሱ ሌላ ነገር ነው። ከውጭ ደግሞ የነጭ ዘይት ቀለም በሙቀት አጠገብ ቶሎ ወደ ቢጫነት ይዞራል።

ወደ ሥራው ልምጣ። ግንበኛው ከረዳታቸው ጋር በመስከረም መጀመሪያ አራት ቀን ሠሩ። ከሁሉ በፊት ጭስ ማውጫውን ፈተሹ። ወረቀት አቀጣጥለው እሳቱ አፍ ውስጥ ያዙትና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመለከቱ፤ ግማሹ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ የወፍ ጎጆና የረገፈ ጥላሸት አወረደ። ጡቡን ያጠቆረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ከጥቁረቱም የከፋው እኛ በሩን ዘግተን ያንን ጭስ ስንተነፍስ መክረማችን ነው። ከሰል ወይም እንጨት በሚነድበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። ለቀለም 5,700 ብር ያወጣሁ ሰው ጭስ ማውጫውን አስፈትሼ አላውቅም ነበር።

አጠባው ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ ደረቅ ብሩሽ፤ ውሃ ቀድሞ ከነካው ጥላሸቱ ወደ ጡቡ ይሰርጋል። ቀጥሎ ጡቡ በንጹሕ ውሃ ይርሳል፤ አስቀድሞ የጠገበ ጡብ ቆሻሻውን ውሃ አይጠጣም። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ የልብስ ሳሙና ዱቄት በጠንካራ የቃጫ ብሩሽ፣ ከታች ወደ ላይ። የሽቦ ብሩሽ እንዳያመጡ ስጠይቃቸው ቀድመው አስበውበታል፤ ሽቦ ጡቡን ይቧጥጣል። ጎረቤት አሲድ ይጠቀሙ ብሎ ሲመክር «አሲድ ኖራ ይበላል፤ ፉጋው አብሮ ይሄዳል» ብለው መለሱ። ያረጀውን ፉጋ ሁለት ጣት ያህል ጠልቀው በመሮ አወጡና በአንድ እጅ ኖራና በሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ሞሉት። ሲሚንቶ እንዲሆን ጠይቄ ነበር፤ ይጠነክራል ብዬ። ሲሚንቶው ከጡቡ ሲጠነክር ነው ችግሩ፤ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ፉጋው መሆኑ ይቀርና ጡቡ ይሆናል፤ እርጥበቱም በፉጋው መውጣቱ ቀርቶ በጡቡ ብቻ ይወጣል።

ከታች አራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ጡብ አለ፤ አባቴ በዱካው ተቀምጦ ተረከዙን እያሳረፈበት ያለሰለሰው ነው። መሃሉ ትንሽ ገባ ብሎ እንደ ወፍጮ መጅ ያብለጨልጫል። ረዳቱ ልቀይረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ግንበኛው እኔን አይተው ለልጁ «ተወው» አሉት። ብሩሹን ራሴ ተቀብዬ ያንን ጡብ እኔ አጠብኩት። ነጭ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጉድጓድ በቀለም ተሞልቶ ከሌላው ጋር ይመሳሰል ነበር።

ሥራቸው ነቀፋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለተኛውን ቀን ሳይነግሩኝ ቀርተው ሥራ አስቀሩኝ። ወለሉን በበቂ ስላልሸፈኑ የጥላሸት ውሃ ምንጣፋችንን በአንድ ጥግ አበላሽቶታል፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የኖራ ፉጋ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ አንድ ወር እሳት እንዳይነድ ማለታቸውን ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። የግሸን እንግዶቻችን መስከረም 19 ሲመጡ ምድጃው ባዶ ነበር፤ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን አሳደርናቸው። ቀድሞ ቢነገረኝ በሰኔ አሠራው ነበር።

ሒሳቡን ላስቀምጥ። ለግንበኛው በቀን 900፣ ለረዳቱ 500፣ ለአራት ቀን 5,600 ብር። ኖራና አሸዋ 1,100። በድምሩ 6,700 ብር። ለቀለሙና ለቀቢው ሊወጣ የነበረው 10,200 ነበር። የሳሎኑን ብርሃን ግን በሌላ መንገድ አገኘሁት። ከምድጃው ግራና ቀኝ ያለውን የሳሎኑን የጎን ልስን ግድግዳ በተከፈተው ጋሎን ቀለም ራሴ ቀባሁት፤ እዚያ አፈር የለም፣ እሳትም የለም፣ ዛሬም ንጹሕ ነው። የጽዱን ሳንቃ ጠርጌ ዘይት አጠጣሁት። ቀዩ ጡብ በሁለት ነጭ ግድግዳዎች መካከል ሲቆም ከእህቴ ግድግዳ ይበልጥብኛል። እህቴ ለገና መጥታ እሳቱ ፊት እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጠች፤ «ቀለም» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ልቅባ አልቅባ እያሉ። ለሁሉም የምሰጠው አንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው፤ ሁለት ቀን ለጥፉና እዩ። ከደረቀ፣ እሳትም ከሌለ፣ እንደ እህቴ ቤት ቀቡት። ላብ ካወጣ አትቅቡት። ለግንበኛው ሥራ ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ አንዱ ለምንጣፉና ለዚያ ለቀሩበት ቀን ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ከቤቱ ጀርባ ይዘውኝ ወጥተው ያሳዩኝ ነገር ነበር። በዳገቱና በግድግዳው መካከል የድሮ የድንጋይ ቦይ አለ፤ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶት ሣር በቅሎበታል። የጦሳ ጎርፍ መሄጃ አጥቶ ግድግዳችን ሥር ሲተኛ ኖሯል። «ሥራው እዚህ ነው እንጂ ሳሎን አይደለም፤ አብሽሪ፣ ይጠረጋል» አሉኝ። በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ግማሹን አስጠረግኩ። በነሐሴ ነጩ ዱቄት እንደገና ታየ፤ አምና አምስት ረድፍ የነበረው ግን ወደ ሁለት ወርዷል። የቀረው ግማሽ ቦይ ከዘመድ አጥር ሥር ስለሚያልፍ ከአጎቴ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ በጥር ሊያስቆፍሩልኝ ተስማምተዋል።